ሹራብ ሲወልቅ የሚንጣጣው፣ በር ሲነካ የሚነዝረው፦ ስለ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከቀላሉ ጥያቄ ተነስተን ወደ ከበደው እንሄዳለን።

ስታቲክ ኤሌክትሪክ ምንድን ነው? ሶኬት ውስጥ ካለው ይለያል?

ኤሌክትሪክነቱ አንድ ነው። ልዩነቱ የመሄድና የመቆም ነገር ነው። በሽቦ የሚመጣው ይፈስሳል፤ ሄዶ የሚመለስበት መንገድ አለው። ስታቲክ የምንለው ግን መሄጃ አጥቶ አንድ ቦታ የተጠራቀመ ነው። ፕላስቲክ ላይ፣ ልብስ ላይ፣ ፀጉር ላይ፣ የሰው ገላ ላይ ተቀምጦ መውጫ ይጠብቃል።

ይህቺን ነገር ከያዛችሁ የቀረው ሁሉ ይቀልላችኋል። ሲነዝራችሁም ሆነ ልብስ ሲጣበቅባችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ይህ ቻርጅ (የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ) ወዴት መሄድ ፈለገ? ምንስ ከለከለው?

ቻርጁ ከየት ይመጣል? ስናፋትገው ነው የሚፈጠረው?

አይፈጠርም፤ ድሮም እዚያው ነበር። ማንኛውም ነገር የተሠራው ከአቶም ነው። አቶም ውስጥ ፖዘቲቭ ቻርጅ ያላቸው ፕሮቶኖችና ኔጌቲቭ ቻርጅ ያላቸው ኤሌክትሮኖች አሉ። ቁጥራቸው እኩል ስለሆነ አንዱ የሌላውን ያጠፋዋል፤ ዕቃው ምንም ቻርጅ የሌለው ይመስላል። ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተነካክተው ሲላቀቁ ግን ቻርጅ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። ኤሌክትሮን ያገኘው ኔጌቲቭ፣ ያጣው ፖዘቲቭ ይሆናል።

ማፋተግም የግድ አይደለም። መነካካትና መለያየት ይበቃል። ፕላስተር ከጥቅልሉ ስትልጡ ጣታችሁ ላይ የሚጠመጠመው ማንም ስላፋተገው አይደለም። ማፋተግ የሚጠቅመው ብዙ ቦታ ደጋግሞ እንዲነካካ ስለሚያደርግ ነው።

«ፖዘቲቭ» እና «ኔጌቲቭ» የሚሉትን ስሞች ያወጣው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ነው፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን። ያኔ ኤሌክትሮን የሚባል ነገር አይታወቅም ነበር፤ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። ሲገኝ ደግሞ ኔጌቲቭ በተባለው በኩል ሆኖ ተገኘ። ተማሪዎች «ኤሌክትሮን የጨመረው እንዴት ኔጌቲቭ ይባላል?» ብለው ግራ የሚጋቡት ከዚህ የተነሳ ነው። መጋባታቸው ትክክል ነው፤ ስሙ ከነገሩ በፊት ስለወጣ ነው።

ሹራብ ሳወልቅ ለምን ይንጣጣል? ፀጉሬስ ለምን ይቆማል?

ሹራቡ ከውስጥ ልብሳችሁና ከፀጉራችሁ ጋር ቀኑን ሙሉ ሲነካካ ውሏል። ስታወልቁት በአንድ ጊዜ ይላቀቃል። ያኔ ኤሌክትሮን የወሰደውና የተወሰደበት ተለያይተው ይቀራሉ። በመካከላቸው ያለው ኃይል አየሩን ለመብሳት ሲበቃ ትንንሽ ብልጭታዎች ይዘላሉ። የሚንጣጣው ድምፅ የእነሱ ነው። ጨለማ ክፍል ውስጥ ብታወልቁት ብልጭታዎቹን በዓይናችሁ ታዩአቸዋላችሁ። ልጆች ካሉ አብራችሁ ሞክሩት፤ በጣም ነው ደስ የሚላቸው።

የፀጉሩ ነገር ቀላል ነው። እያንዳንዱ ዘለላ አንድ ዓይነት ቻርጅ ይዟል። ተመሳሳይ ቻርጅ ደግሞ ይገፋፋል። ስለዚህ እያንዳንዷ ዘለላ ከጎረቤቷ ትሸሻለች። ፀጉር ቀላል ስለሆነ ሽሽቱ ወደ ላይም ያነሳዋል። ልጆች በፕላስቲክ ሸርተቴ ተንሸራተው ሲወርዱ ፀጉራቸው ጃርት የሚመስለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የትኛው ልብስ ይብሳል?

ዕቃዎች ኤሌክትሮን በመስጠትና በመውሰድ ይለያያሉ። ብርጭቆ፣ የሰው ፀጉር፣ ናይለንና ሱፍ ብዙ ጊዜ ሰጪዎች ናቸው። ፖሊስተር፣ ፌስታል የሚሠራበት ፕላስቲክ፣ ፒቪሲና ቴፍሎን ወሳጆች ናቸው። ጥጥና ወረቀት መሀል አካባቢ ይቀመጣሉ። ከሁለቱ ጫፎች አንዳንድ ወስዳችሁ ስታገናኙ ነው ነገሩ የሚብሰው። የሱፍ ሹራብ በፖሊስተር ሸሚዝ ላይ መልበስ ብልጭታ መጋበዝ ነው።

ጥጥ የሚሻለው መሀል ስለሆነ ብቻ አይደለም። እርጥበት ይይዛል። እርጥበቱ ቻርጁ ሳይጠራቀም ቀስ ብሎ እንዲያመልጥ መንገድ ይከፍትለታል።

አንዳንድ ቀን ምንም የለም፤ አንዳንድ ቀን የነካሁት ሁሉ ይነዝረኛል። ለምን?

አየሩ ሲደርቅ ይብሳል። ሌላ ምስጢር የለውም።

ብዙዎች «እርጥብ አየር ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል» ይላሉ። እንደዚያ አይደለም። እርጥብ አየርም ራሱ ጥሩ አስተላላፊ አይደለም። ሥራውን የሚሠራው ዕቃዎች ላይ የሚያርፈው ነው። አየሩ እርጥበት ሲኖረው በፕላስቲኩም፣ በምንጣፉም፣ በቆዳችንም ላይ በዓይን የማትታይ ስስ የውሃ ሽፋን ትቀመጣለች። ውሃዋ ውስጥ የሟሙ ጨዎች አሉ፤ ቻርጁን የሚያሻግሩት እነሱ ናቸው። በደረቅ ቀን ይህቺ ሽፋን ትጠፋለች። ቻርጁ መውጫ ያጣል፣ ይጠራቀማል። የክፍሉ እርጥበት ከ40 በመቶ በታች ሲወርድ ንዝረቱ በግልጽ ይጨምራል። ብርድ ባለበት ቦታ ክፍሉን በማሞቂያ ሲያሞቁት የሚባባሰውም አየሩ ሲሞቅ ይበልጥ ስለሚደርቅ ነው።

የበር እጀታ ስነካ የሚነዝረኝ በሩ ቻርጅ ስላለው ነው?

ቻርጁ ያለው እናንተ ላይ ነው። ምንጣፍ ላይ ስትራመዱ እያንዳንዱ እርምጃ ጫማችሁን ከምንጣፉ ጋር ያነካካል፣ ያላቅቃል። የጎማ ወይም የፕላስቲክ ሶል ደግሞ ቻርጁ ወደ መሬት እንዳይሄድ ይዘጋበታል። በጥቂት እርምጃ ገላችሁ ላይ ብዙ ሺህ ቮልት ይከማቻል። በጣም ሲደርቅ ከ10,000 ቮልት በላይ መድረሱ ብርቅ አይደለም።

እንጨት ብትነኩ ምንም የማይሰማችሁ እንጨት ቻርጁን ቶሎ ስለማይቀበል ነው። ብረት ግን ሰፊ መንገድ ነው፤ ያለው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይሮጥበታል። ሳትነኩት ገና ጣታችሁ ሲጠጋ ብልጭታዋ ትዘላለች። አየር የሚበሳው በየሚሊሜትሩ ወደ 3,000 ቮልት ሲያገኝ ነው። ስለዚህ ብልጭታዋ ሁለት ሚሊሜትር ከዘለለች ገላችሁ ላይ ወደ 6,000 ቮልት ገደማ ነበር ማለት ነው። በዓይን ግምት የሚሠራ ቮልት መለኪያ በሉት።

በሺህ የሚቆጠር ቮልት ከሆነ ለምን አይገድለኝም?

ቮልት ግፊት ነው፤ ብዛት አይደለም። ግፊቱ ትልቅ ቢሆንም የተጠራቀመው ቻርጅ በጣም ትንሽ ነው። የሰው ገላ 10,000 ቮልት ላይ ሲደርስ የሚይዘው ተጨማሪ ቻርጅ አንድ ሚሊዮንኛ ኩሎም (ኩሎም የቻርጅ መለኪያ ነው) ገደማ ነው። በ1 አምፒር የሚሠራ ዕቃ ይህን አንድ ሚሊዮን ጊዜ የሚያጥፍ ቻርጅ በአንድ ሰከንድ ያሳልፋል። ብልጭታዋ ውስጥ ያለው ጉልበት 5 ሚሊጁል ቢሆን ነው፤ አንድ ግራም የሚመዝን ነገር ግማሽ ሜትር ለማንሳት የሚበቃ። እሱም ከሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ባነሰ ጊዜ ያልቃል።

ከሶኬት የሚመጣው አደገኛ የሆነው በቮልቱ ብቻ አይደለም። የማያልቅ ስለሆነ ነው። ከኋላው ሙሉ የኃይል ማመንጫ አለ፤ እስኪለቃችሁ ድረስ ይገፋል። ስለዚህ «ስታቲክ 10,000 ቮልት ካልጎዳኝ 220 ምን ያደርገኛል?» የሚል ሐሳብ ለአፍታም አይግባችሁ።

ከመኪና ስወርድ በሩ የሚነዝረኝ ለምንድን ነው? ማስቀረትስ ይቻላል?

ልብሳችሁ ከወንበሩ ጨርቅ ጋር ሲነካካ ቆይቷል። ብድግ ስትሉ ትላቀቃላችሁ፤ ቻርጁን ይዛችሁ ትወርዳላችሁ። እግራችሁ መሬት ቢነካም ሶሉ አያሳልፍም። ከዚያ በሩን ለመዝጋት ብረቱን ስትነኩ ይነዝራችኋል።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ እኔም ከለመድኩት ወዲህ ነዝሮኝ አያውቅም። ከወንበሩ ከመነሳታችሁ በፊት ቀለም ያልተቀባ የበሩን ብረት ያዙ። እስክትወርዱ ድረስ አትልቀቁት። ቻርጁ እየተሻገረ እዚያው ይመለሳል፣ አይጠራቀምም። ከረሳችሁትና ከወረዳችሁ በኋላ ትዝ ካላችሁ ቁልፍ በእጃችሁ አጥብቃችሁ ያዙና በጫፉ ብረቱን ንኩ። ብልጭታዋ ከቁልፉ ጫፍ ትዘላለች። ወደ እጃችሁ የሚመጣው በሰፊው ስለሚከፋፈል የሚወጋ ነገር አይሰማችሁም።

ቤት ውስጥስ ምን ላድርግ?

ሁሉም መላ ወይ ቻርጁ እንዳይሻገር ነው፣ ወይ መንገድ እንዲያገኝ ነው። ውሃ የሞላበት ሰፊ ዕቃ ክፍሉ ውስጥ ማስቀመጥ ወይም የአየር ማርጠቢያ መጠቀም ይረዳል። እጅን ቅባት መቀባት ጥሩ ነው፤ ደረቅ ቆዳ ቻርጅ ይይዛል። በባዶ እግር ወይም በቆዳ ሶል መሄድ ከጎማ ሶል ይሻላል። ቀሚስ እግር ላይ ሲጣበቅ የብረት ማንጠልጠያ በውስጡ በኩል ከላይ እስከ ታች ብታሳልፉበት ይለቃል። የልብስ ማለስለሻም የሚሠራው ጨርቁ ላይ ስስ ሽፋን ትቶ ነው፤ ሽፋኑ መፋተጉን ይቀንሳል፣ እርጥበትም ይስባል።

ነዳጅ ስቀዳ እውነት አደጋ አለው?

አለው። እዚህ ላይ ቀልድ የለም።

የቤንዚን ተን ከአየር ጋር በተስማሚ መጠን ሲቀላቀል እሳት የሚለኩሰው የአንድ ሚሊጁል አንድ አምስተኛ ገደማ ነው። ከላይ እንዳየነው የሰው ጣት ብልጭታ 5 ሚሊጁል ሊደርስ ይችላል። ከሚያስፈልገው ከ20 እጥፍ በላይ ነው። አደጋው የሚመጣው ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው፦ ሰውየው መቅጃውን ታንኩ ውስጥ ይሰካል፣ እስኪሞላ መኪና ውስጥ ይገባል፣ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ሲወጣ ቻርጅ ይዞ ይወጣል። የመጀመሪያ የሚነካው ብረት ተን የከበበው መቅጃ ነው። ስለዚህ እየቀዳችሁ መኪና ውስጥ አትመለሱ። ከተመለሳችሁ መቅጃውን ከመንካታችሁ በፊት ከታንኩ ራቅ ያለ ብረት በባዶ እጅ ንኩ።

በጀሪካን ስትቀዱ ጀሪካኑን መኪና ላይ ወይም ምንጣፍ ላይ አድርጋችሁ አትቅዱ። መሬት አስቀምጡት። ነዳጅ በቱቦ ሲፈስ ራሱ ቻርጅ ይይዛል፤ ጀሪካኑ ከመሬት ከተለየ ቻርጁ መሄጃ የለውም። የመቅጃው ጫፍም የጀሪካኑን አፍ እንደነካ ይቆይ። እሳት ከተነሳ መቅጃውን አትንቀሉት፤ እንዳለ ትታችሁ ራቁና ሠራተኛውን ጥሩ። ስትነቅሉት እሳቱንም ነዳጁንም ይዛችሁ ነው የምትወጡት።

የኮምፒውተር ዕቃ በእጄ ስነካ ይበላሻል ይላሉ። ምንም ሳይነዝረኝ እንዴት?

ሰው ንዝረት የሚሰማው ወደ 3,000 ቮልት ሲቃረብ ነው። በቀላሉ የሚጎዱ ቺፖች ግን ከ100 ቮልት በታችም ይበላሻሉ። በሁለቱ መሀል ያለው ሰፊ ቦታ እናንተ ምንም ሳታውቁ ዕቃው የሚጎዳበት ነው። የሚያበሳጨው ደግሞ አንዳንዴ ወዲያው አለመሞቱ ነው። ቆስሎ ለጥቂት ወር ይሠራና አንድ ቀን ያለ ምክንያት ያቆማል። ማንም ያንን ቀን አያስታውስም።

ሜሞሪ ወይም ሃርድ ዲስክ ስትቀይሩ ኬብሉን ከሶኬት ንቀሉ። ከዚያ የሳጥኑን ባዶ ብረት ንኩ፤ እየሠራችሁም ደጋግማችሁ ንኩት። ጥገና የሚሠሩ ሰዎች የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰር ከመሬት ጋር የተያያዘ ማሰሪያ ይጠቀማሉ። ማሰሪያው ውስጥ የ1 ሚሊዮን ኦም ሬዚስተር አለ። ስታቲክ ቀስ ብሎ እንዲወጣ ይፈቅዳል፤ ሰውየው በስህተት የሶኬት ኤሌክትሪክ ቢነካ ግን ብዙ እንዳያልፍበት ይከለክላል።

ቁራጭ ወረቀት ቻርጅ ከሌለው ማበጠሪያው ለምን ይስበዋል? ከተጣበቀ በኋላስ ለምን ተስፈንጥሮ ይሄዳል?

ይህን ጥያቄ በጣም እወደዋለሁ። ፀጉር ያበጠረው የፕላስቲክ ማበጠሪያ ኔጌቲቭ ነው እንበል። ወረቀቱ አጠገብ ሲመጣ የወረቀቱን ኤሌክትሮኖች ይገፋቸዋል። እነሱ ከወረቀቱ አይወጡም፤ በጣም በትንሹ ወደ ወዲያኛው ጎን ሸርተት ይላሉ። ለማበጠሪያው የቀረበው ጎን ፖዘቲቭ፣ የራቀው ኔጌቲቭ ይሆናል። የቅርቡ መሳሳብ ከሩቁ መገፋፋት ይበልጣል። በመሆኑም ወረቀቱ በድምሩ ቻርጅ ሳይኖረው ይሳባል። ፊኛ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው፣ የፕላስቲክ ዕቃ አቧራ የሚሰበስበው በዚሁ መንገድ ነው።

አንዳንዱ ቁራጭ ተጣብቆ ጥቂት ይቆይና ይስፈነጠራል። ሲነካካ ከማበጠሪያው ቻርጅ ተካፈለ ማለት ነው። አሁን ሁለቱም ኔጌቲቭ ናቸው፤ ይገፋፋሉ። በአሉሚኒየም ፎይል ቁራጭ ብትሞክሩት ወዲያው ነው የሚዘለው። ፎይሉ ብረት ስለሆነ ቻርጁ ጊዜ አይፈጅበትም።

መብረቅም ይኸው ነው?

ይኸው ነው፤ መጠኑ ነው የሚለየው። ደመና ውስጥ ትንንሽ የበረዶ ቅንጣቶችና ከበድ ያሉ የበረዶ እንክብሎች በነፋስ እየተናጡ ይጋጫሉ። ሲነካኩና ሲለያዩ ቻርጅ ይቀባበላሉ። ብዙውን ጊዜ ከባዶቹ ኔጌቲቩን ይዘው ወደ ታች ይቀራሉ፣ ቀላሎቹ ፖዘቲቩን ይዘው ወደ ላይ ይወጣሉ። የሹራቡ ታሪክ ነው፣ በኪሎሜትር የሚለካ። ሲዘል በአንዱ መብረቅ ወደ 30,000 አምፒር ያልፋል። የሚያልፍበት አየር ወደ 30,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል፤ ከፀሐይ ገጽ አምስት እጥፍ ገደማ። በድንገት የሞቀው አየር ሲፈነዳ ነጎድጓዱን እንሰማለን። ሹራቡ ከሚንጣጣው ጋር ዓይነቱ አንድ ነው።

ፍራንክሊን እ.ኤ.አ. በ1752 ካይት አብርሮ ይህን ማሳየቱ በሰፊው ይነገራል። በቀጣዩ ዓመት ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ ጌኦርግ ሪችማን የሚባል ሳይንቲስት ተመሳሳይ ሙከራ ሲያደርግ መብረቅ ገደለው። ይህኛው ግን ብዙም አይነገርም። ልጆች የፍራንክሊንን ታሪክ ሲሰሙ የሪችማንንም አብረው ሊሰሙ ይገባል። ሜዳ ላይ ሆናችሁ ዝናብ ሲያንዣብብ ፀጉራችሁ መቆም ከጀመረ ቻርጁ በእናንተ በኩል ሊዘል እየተዘጋጀ ሊሆን ይችላል። ሳትዘገዩ ወደ ሕንፃ ወይም ጣሪያው ብረት የሆነ መኪና ውስጥ ግቡ። ዛፍ ሥር አትጠለሉ።

ጥቅምስ አለው?

የፎቶኮፒ ማሽን ሙሉ በሙሉ የቆመው በስታቲክ ላይ ነው። ቼስተር ካርልሰን እ.ኤ.አ. ጥቅምት 22 ቀን 1938 ኒውዮርክ ውስጥ ከረዳቱ ጋር ድኝ የተቀባ የዚንክ ሰሌዳ በጨርቅ አፋተገ። ጽሑፍ ያለበት መስታወት ደረበበትና መብራት አበራበት። ብርሃን ያገኘው የድኝ ክፍል ቻርጁን ለቀቀ፤ በፊደሎቹ የተጋረደው ግን ይዞ ቀረ። ደቃቅ ዱቄት ሲነሰንስበት ዱቄቱ ፊደሎቹ ላይ ብቻ ተጣበቀ። ወረቀት ተጭኖ ሲነሳ ቀኑና አካባቢው ተጽፎበት ወጣ። የዛሬው ሌዘር ፕሪንተርም የሚሠራው በዚሁ ሐሳብ ነው፤ በዱቄቱ ፋንታ ቶነር፣ በመብራቱ ፋንታ ሌዘር ገባ። አንድ ጨርቅ ማፋተግ ዓለምን የወረቀት ባለጸጋ አደረጋት።

ሌላም አለ። የፋብሪካ ጭስ ማውጫ ውስጥ አመድና አቧራ ቻርጅ እየተሰጠው ሰሌዳ ላይ ይለቀማል። ኤን95 የሚባለው ማስክ ቃጫዎቹ ቻርጅ የያዙ ናቸው፤ ከቀዳዳው የሚያንሱትን ብናኞች ሳይቀር ይስባል። ማስኩን በአልኮል ማጠብ የማይመከረውም ቻርጁን ስለሚያጠፋበት ነው። ንቦችም ሲበሩ አብዛኛውን ጊዜ ፖዘቲቭ ቻርጅ ይይዛሉ፤ አበባ ላይ ሳያርፉ ገና ብናኙ ዘሎ ይጣበቅባቸዋል።

ቀጭን የቧንቧ ውሃ ማበጠሪያ ስናቀርብለት ይታጠፋል። የውሃ ሞለኪውል ሁለት ጫፍ ስላለው ነው?

ብዙ ቦታ የሚሰጠው መልስ ይህ ነው፤ ግን ጎደሎ ነው። የውሃ ሞለኪውል አንዱ ጫፍ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ኔጌቲቭ መሆኑ እውነት ነው። ይሁን እንጂ የሞለኪውሎቹ መዞር ብቻውን የሚያመጣው ስበት ደካማ ነው። ትልቁን ሥራ የሚሠሩት ውሃው ውስጥ ያሉት አዮኖች፣ ማለትም ቻርጅ የያዙ አቶሞችና ሞለኪውሎች ናቸው። ኔጌቲቭ ማበጠሪያ ሲቀርብ ኔጌቲቮቹ በውሃው ጅረት በኩል ሽቅብ ወደ ቧንቧው ይሸሻሉ። የሚወርደው ውሃ ትርፍ ፖዘቲቭ ይዞ ይወርዳል፤ እሱ ነው የሚሳበው። እዚህም ጥያቄው ያው የመንገድ ጥያቄ ነው፤ ቻርጁ በየት አመለጠ?

ሁለት ፊኛ፣ ከአንድ ዓይነት ጎማ የተሠሩ፣ ቢፋተጉስ? ከሁለቱ ማን ሰጪ፣ ማን ወሳጅ ይሆናል?

በደንቡ ማንም መሆን አልነበረበትም። ሆኖም አንድ ዓይነት ነገሮችም ሲነካኩ ቻርጅ ይቀባበላሉ። አሸዋ በነፋስ ሲነሳ ቅንጣቶቹ ከአንድ ዓይነት ድንጋይ ሆነው ሳለ ቻርጅ ይይዛሉ፤ ትንንሾቹ ብዙ ጊዜ ኔጌቲቭ፣ ትልልቆቹ ፖዘቲቭ ይሆናሉ። በአቧራ ማዕበል ውስጥ ብልጭታ የሚታየው ከዚህ ነው።

ለምን እንደዚህ እንደሚሆን ፊዚክስ አንድ የተስማማበት መልስ የለውም። የሚሻገሩት ኤሌክትሮኖች ናቸው የሚሉ አሉ። አዮኖች ናቸው የሚሉም አሉ። ከዕቃው ገጽ ተቦጭቀው የሚሄዱ ኢምንት ቁርጥራጮች ቻርጁን ተሸክመው ይሄዳሉ የሚል ማስረጃም ተገኝቷል። ግሪካዊው ታሌስ አምበር የሚባለውን ድንጋይ የሆነ የጥንት ዛፍ ሙጫ ሲያፋትጉት ገለባ እንደሚስብ ያውቅ ነበር ይባላል፤ 2,600 ዓመት ገደማ ሆኖታል። «ኤሌክትሪክ» የሚለው ቃል ራሱ የመጣው ከአምበሩ የግሪክ ስም ከ«ኤሌክትሮን» ነው። ያ ገለባ ለምን እንደተሳበ ዛሬ በደንብ እናውቃለን። አምበሩ ቻርጁን ከሚያፋትገው ጨርቅ እንዴት እንደወሰደ ግን ቤተ ሙከራዎች አሁንም እየፈተሹት ነው።